የደፋሯ ልጅ

ፕለኪ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የተማርኩት እናቴ ማሳ ዳር ቆሜ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ አጠና ነበር፤ ዛሬ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የሰው ጠባይ የሚገልጹ ቅጽሎችን ስናጠና ከተማሪዎቼ አንዱ ይህችን ቃል ከመጽሐፉ ነቅሶ «ቲቸር፣ ይቺ በአማርኛ ምን ማለት ናት?» ማለቱ አይቀርም። መልስ አላጣም። «ወኔ ያለው፣ ልበ ሙሉ፣ የማይበገር» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ እነሱም ይገለብጣሉ። በጻፍኩት ቁጥር ግን ውስጤ እርር ይላል። ቃሉ ለእኔ የፈተና ጥያቄ አይደለም።

አገሬ ከቁይ ገበያ በእግር የሚደረስ ደጋ ነው። አባቴ ሲሞት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። አባቴ ባዶ ቤት አልተወልንም። ጥቁር አፈር የጤፍ መሬት ነበረን፤ ከጓሯችን የገብስ ማሳ፣ በረት ውስጥ ጥማድ በሬ ነበረን። የጎደለን ወንድ ነው። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፣ ታጭዳለች፣ ምርቱን በጀርባዋ ተሸክማ ታስገባለች፤ እርፍ ጨብጣ ግን አታርስም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «ነውር ነው» ከማለት ያለፈ መልስ የሚሰጥ አታገኙም። አንዳንዱ ዝናብ ይከለከላል ይላል፤ አንዳንዱ በረዶ ይወርዳል ይላል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለወንድ በእኩል ትሰጣለች። እሱ ያርሳል፤ ምርቱ ሲደርስ ግማሹን ይወስዳል።

የእኛን መሬት የያዘው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ስጽፍ ግን አንቱታው አልወጣ ይለኛል። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ክፉ አልነበረም። ዲማ ሄዶ ዳዊት የደገመ፣ ጾም የማያጓድል፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለፋሲካ ለእኔ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ነበር። በሬዎቻችንን ወስዶ ግን መጀመሪያ የራሱን ማሳ ያርሳል። የራሱ ሲያልቅ የአማቹን ያርሳል። የእኛ ተራ የሚደርሰው ክረምቱ ገብቶ ጭቃው አላራምድ ሲል ነው። ጤፍ ተደጋግሞ ካልታረሰለትና በወቅቱ ካልተዘራ አረም ይውጠዋል። ከአረም የተረፈችው ደግሞ ለሁለት ትከፈላለች። እናቴ ይህን ለአጎቴ በለሆሳስ ነገረችው፤ «እሺ፣ ለከርሞ» አላት። ለከርሞም ያው ሆነ። አንድ ቁና የማትሞላ ጤፍ ይዘን ክረምቱን በድንችና በጎመን ተወጣነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ለስለስ እንዳደረገው፣ እናቴ በጠዋት አጎቴ ቤት ሄዳ በሬዎቿን ከበረቱ እየነዳች ወጣች። የአጎቴ ሚስት «ምነው? ወዴት ነው?» ብትላት «ሥራ አላቸው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ የአባቴን ሞፈርና ቀንበር ከተሰቀሉበት አውርዳ ተሸክማ ወደ ማሳው ወረደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፤ በሬዎቹን ጠመደች፤ እርፉን ጨበጠች።

መጀመሪያ ፈሩ ተጣመመ። በሬዎቹ የለመዱት የወንድ ድምፅ ነው፤ በጮኸችባቸው ቁጥር ዞረው ያይዋታል። ቆም አለችና «ምን ታዩኛላችሁ? እናንተም ልታሙኝ ነው?» አለቻቸው። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። እስከ ረፋድ ስትታገል ፈሩ እየቀና መጣ። የገበያ ቀን ነበርና ከማሳው በላይ ባለው መንገድ ወደ ቁይ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቆሞ አያት። ወሬው ከጭነቱ ቀድሞ ገበያ ገባ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስም ወጣላት፤ ደፋር። ወንድ ደፋር ሲባል አንዳንዴ ቁጣ፣ አንዳንዴ አድናቆት ነው፤ እንደ አነጋገሩ ይለያያል። ሴት ደፋር ከተባለች ግን ዓይን አውጣ፣ ሰው የማታፍር ማለት ነው፤ ትርጉሙ የሚጠፋው ሰው የለም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በአባቴ ስም መጠራቴ ቀረ። ውሃ ስቀዳ «የደፋሯ ልጅ»፤ ትምህርት ቤት ስሄድ «የደፋሯ ልጅ»። ልጆቹ ከእናቶቻቸው ሰምተው ነው የሚሉት፤ በእነሱ አልፈርድም። በእናቶቻቸው እፈርዳለሁ። ከእነሱ መካከል መሬቷ በሰው እጅ የተበላባት ስንቷ እንደነበረች አውቃለሁና።

በዚያ ዓመት ጤፉ አማረ። መስከረም ላይ ግን በረዶ ወረደ፤ የእኛንም የጎረቤቶቻችንንም ማሳ አጋደመው። በዚያ ደጋ በረዶ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ እናቴ ሳትወለድም ይወርድ ነበር። የዚያ ዓመቱ በረዶ ግን ባለቤት ተገኘለት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጠው እናቴን አስጠሯት። የንስሐ አባቷም ነበሩ፤ አጎቴም ብትሩን ይዞ ተቀምጧል።

«ዳግመኛ እርፍ ላትጨብጪ ቃል ግቢ» አሏት።

እናቴ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። «እሺ አባቶቼ፣ ቃል እገባለሁ» አለች። «ግን በወቅቱ አርስልሻለሁ የሚለኝ አሁን እዚሁ ይነሣልኝ። ከተነሣ እርፉን ለእሱ እሰጠዋለሁ።»

ማንም አልተነሣም። ሁሉም የየራሱ ማሳ አለው። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በብትሩ ይጭራል። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አቤት ድፍረት!» አለና ሸንጎው ተበተነ። የንስሐ አባቷ ስግደት አዘዙባት። ያዘዙትን ሳታጓድል ሰገደች። ስግደቷን ጨርሳ፣ የማረሻው ወቅት ሲደርስ፣ በሬዎቿን ጠምዳ ወጣች። በየዓመቱም አረሰች። በየዓመቱ ደግሞ የማርያም ማኅበሯን ደገሰች፤ ሽማግሌዎቹም የንስሐ አባቷም መጥተው በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። በረዶ ያመጣው እጅ ያበቀለውን ጤፍ ሲጎርሱ አንዱንም ትን አላለውም። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዚያ ጤፍ ተማርኩ። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ የገባሁት፣ ደብተርና ጫማ የገዛሁት በዚያ ጤፍ ነው። ክረምት ሲመጣ ወደ እናቴ እመለስና አረም አርማለሁ። ከእነዚያ ክረምቶች በአንዱ ነው ፈረንጁ የመጣው። የአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት የሚባል ነገር ነበር፤ እርከን ሊያይ መጥቶ ነው። አስተርጓሚው ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረው መኪና ጋር ስለቀረ ፈረንጁ ከቀበሌ ሰዎች ጋር በእግሩ መጣ። የሚያግባባ ሲታጣ «የደፋሯ ልጅ እንግሊዝኛ ትማራለች» ተባለና እኔ ተጠራሁ።

ሽማግሌ ሰው ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እናቴ የመጨረሻውን እርሻ እያረሰች ነበር። ቆሞ አያት፤ ፎቶ አነሣት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እናትሽ ፕለኪ ናት አለኝ። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ምን ማለት ነው አልኩት። ቡጢውን ጨበጠ፤ አገጩን ቀና አደረገ፤ ደረቱን መታ። ወኔ ያላት፣ ተስፋ የማትቆርጥ ማለት ነው አለኝ። አጎቴም ጎረቤቶቻችንም ዙሪያችንን ቆመው «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል።

ቀድሞ አፌ ላይ የመጣው ደፋር ነው። እሱን ዋጥኩት፤ ሰፈሩ ሲለው የኖረውን ስድብ በፈረንጅ አፍ አስመስክሬ ልመልስላት አልፈለግሁም። ለሴት የሚሆን ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ። በመጨረሻ ከወንዶቹ ቃል ተዋስኩላት።

«ጀግና ናት ይላል» አልኩ።

ከዚያ አጎቴ «ማንን ገድላ?» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፈረንጁም ምስጋናው ደስ ያሰኛቸው መስሎት አብሯቸው ሳቀ። እናቴ ብቻ እርፉን እንደያዘች ትመለከተኝ ነበር። በእኛ አገር ጀግና ለመባል የገደለ መሆን አለበት፤ ሰው ወይም አውሬ። ልጅ ማሳደግ፣ ከአረም ጋር መታገል፣ በዝናብ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እርፍ ላይ መዋል አይቆጠርም። እዚያ ቆመው ከሳቁት አብዛኞቹ ደግሞ አንድ ጅብ እንኳ ገድለው አያውቁም፤ ለቅሶ ቤት ግን ይፎክራሉ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «የፈረንጁን ቃል ራሱን በይልኝ። ያንቺን ትርጉም ተይው» አለችኝ።

«ፕለኪ።»

እየሄደች ደጋግማ አለችው። አፏ ላይ እስኪገራ ድረስ አለችው። «ስድብ አይደለም?»

«አይደለም እማዬ፤ ምስጋና ነው።»

«ለሴትም ይባላል?»

«ለሴትም ይባላል።»

«እንግዲያ እነሱ አገር ሴት ታርሳለች?»

«እንጃ።»

ትንሽ ተራመደች። «ለሴት ይባላል ካልሽ ይበቃኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የቤታችን ሆነ። ቀኙ በሬ ሲለግምባት «በል እንጂ ፕለኪ ሁን!» ትለዋለች። ጎረቤት እንዳማቻት ስትሰማ «ታውራ፤ እኔ እንደሁ ፕለኪ ነኝ» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ጉንደ ወይን ነበር፤ ስልክ ስደውልላት ደህና ነሽ ወይ አትለኝም። «እንዴት ነሽ ልጄ? ፕለኪ ነሽ?» ነው የምትለኝ። «ፕለኪ ነኝ እማዬ» እላታለሁ። ሰው ሁሉ ደፋር ሲላት የኖረች ሴት አንድ ምስጋና አግኝታ ነበር፤ ትለብሰው ነበር፤ አላወለቀችውም።

እኔ ግን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ቃሉ ተከትሎኝ መጣ። አንድ ክረምት ደብረ ማርቆስ የመምህራን ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ እንግሊዝ አገር ኖሮ የመጣ የአገራችን ሰው ነው። የምትወዱትን ቅጽል መርጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አለን። ምን እንደምመርጥ አላሰብኩም፤ እጄ ራሱ ጻፈው። ከጦሩ ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠላት ስለሚገባ ፕለኪ የጦር አዛዥ ጻፍኩ፤ ተነሥቼም አነበብኩ። አሠልጣኙ ፈገግ አለ።

«ሰዋስዉ ደህና ነው» አለኝ። «ግን እንግሊዞች እንዲህ አይሉም። ይህ ቃል ለትልቅ ሰው አይባልም። ይሸነፋል ተብሎ ለሚጠበቅ ነው የሚባለው። ታምሞ ሳለ ለሚጫወት ሕፃን ይባላል። ትልቅ ውሻ ላይ ለሚጮህ ቡችላ ይባላል። የሚለው ሰው ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ ነው የሚለው።»

ሌሎቹ መምህራን ማስታወሻ ያዙ። እኔ ተቀመጥኩ። ፈረንጁ፣ ባርኔጣው፣ ፎቶ ማንሻው፣ ፈገግታው ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። እንዲያ ሲያያት ምን እንዳየ ያኔ ገባኝ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ አጎቴም ክፋት አልነበረበትም። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። አንዱ ሰደባት፤ አንዱ እንደ ቡችላ ራሷን ዳበሳት። ከእኩል የሚያያት ቃል ከሁለቱም አላገኘችም።

ያን ሰሞን አማርኛዬን ፈተሽኩት። ለወንድ ስንት አለን! ጀግና፣ አንበሳ፣ ቆፍጣና፣ ጎበዝ፣ ቆራጥ። ለሴት ያለን ባለሙያ ነው፤ ወጥ ካጣፈጠች ነው የምትባለው። ከዚያ ካለፈች «እሷኮ ወንድ ናት» ይሏታል። ሴትን ለማመስገን ሴትነቷን ቀምተው ነው የሚያመሰግኗት። ከመምህራኑ መኖሪያ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ።

«ፕለኪ ነሽ?» አለችኝ።

«ፕለኪ ነኝ» አልኳት። የተማርኩትን አልነገርኳትም፤ አይቆጨኝምም።

እናቴ ኅዳር ላይ ሞተች፤ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ ሳይወቃ። ጉልበቷ እስኪዝል አርሳ ነበር፤ ያቆመችው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብቻ ነው። አሁን አሁን ገጠርም ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበብ ተለምዷል፤ ድሮ የከተማ ነገር ነበር። ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ወጥቶ ይፎከራል፤ ገደለም አልገደለም ጀግና ነበር ይባላል። ሴት ስትሞት እንግዳ ተቀባይ ነበረች ይባላል። የእናቴን እኔ ጻፍኩ። ባሏ ከሞተ በኋላ ማንም በወቅቱ ስላላረሰላት እርፍ ጨብጣ ራሷ አርሳ ልጇን እንዳስተማረች ጻፍኩ። ቅጽል አልጨመርኩም፤ በሁለቱም ቋንቋ አልነበረኝም። አርሳለች የሚለው ግሥ ይበቃታል አልኩ። ሰዉ እዚያ ቆሞ አንድ ጊዜ፣ ከነስድቡ ሳይሆን እንዲሁ፣ ያደረገችውን ይስማ። ከዚያ ሌላ የፈለግሁት አልነበረም።

ጠዋት ሬሳው ሳይወጣ አጎቴ ላንብበው አለኝና ሰጠሁት። አርጅቷል፤ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ አነበበ።

«ይኸ ማረስ የሚለው ነገር ይውጣ» አለኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ሬሳ አታዋርጂ።»

«ማረስ ውርደት ነው እንዴ? እርስዎስ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያርሱ አልኖሩም?»

«እኔ ወንድ ነኝ።» ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ምን ይላል? የባሏ ወንድም የት ነበር ይላል።»

ስንት ዓመት ሙሉ ነውር፣ በረዶ፣ ስግደት ሲባል የኖረው ነገር ሁሉ ይኸው ነበር። የእናቴ እርፍ የእነሱን መቅረት ያሳይባቸው ነበር።

«የት ነበሩ?» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብዬ አንዲት ፊደል ሳልነካ ለሚያነቡት መሪጌታ በእጄ ሰጠሁ። አጎቴ ወደ መሪጌታው ጠጋ ብሎ ሲያነጋግራቸው አይቻለሁ፤ የፍትሐቱን ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ከፍትሐቱ በኋላ መሪጌታው ወረቀቱን ዘርግተው ጀመሩ። ትውልዷን፣ ጋብቻዋን፣ የማርያም ማኅበሯን እንደጻፍኩት አነበቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አንሥተው፣ ሳይደናቀፉ፣ ባማረ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ባለቤታቸው ካረፉም በኋላ፣ በባለቤታቸው ወንድም አይዞሽ ባይነትና ያልተቋረጠ ድጋፍ፣ አንዲት ልጃቸውን አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ዕንባውን ጠረገ። ዕንባው እውነተኛ ነበር፤ ያመነውም ይመስለኛል። በአገራችን ወግ የሟች ልጅ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ከሴቶቹ መካከል ወጣሁ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «እናቴ ራሷ ናት ያረሰችው። እርፍ ጨብጣ። ማንም አልደገፋትም።»

መሪጌታው ወረቀቱን እንደያዙ ቀሩ። አጎቴ ያኔ ጥዱ ሥር እንዳደረገው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በብትሩ ይጭር ጀመር። አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ አይሆንም» አለችኝ። ከኋላ፣ ከወንዶቹ በኩል፣ ማን እንደሆነ ያላየሁት ሰው ጮክ ብሎ «አቤት ድፍረት! ቁርጥ እናቷን!» አለ።

ያን ቀን በመቃብሯ ላይ ከሌላ ሰው አፍ ስለ እናቴ የወጣው እውነት ይኸው ብቻ ነው።

መሬቱ አሁን በስሜ ነው። እኔ ከተማ ነኝ፤ እጄ ጠመኔ እንጂ እርፍ አያውቅም። እርፍ እንዳላውቅ ነው እሷ ያረሰችው። መሬቱን በእኩል የያዘው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ደህና ልጅ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ዘንድሮ ጤፉ ለምን ዘግይቶ ተዘራ ብዬ ብጠይቀው ምንም ሳያፍር ነገረኝ። መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው።